ፋራናይት ይሞቃል

ሊቁ፦ ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ልንገርህ? በቀኝ በኩል መቶ ይላል። በግራ በኩል ሠላሳ ስምንት ይላል። መቶ ይበልጣል ወይስ ሠላሳ ስምንት?

ዝግታ፦ መቶ ይበልጣል።

ሊቁ፦ እሺ። ታዲያ የሚሞቀው የትኛው ወገን ነው?

ዝግታ፦ እሱን እያሰብኩበት ነው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ?

ዝግታ፦ ነገሩ ከባድ ነው።

(ሊቁ ጣሪያ ጣሪያውን አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሃያ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሊቁ የቤቱ ታላቅ ልጅ ባል ነው፤ ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል፤ በእጁ ያለፈ ብርጭቆ ሁሉ ዕውቀቱን እሱ ላይ ደፍቶ የሄደ ይመስለዋል። "ሊቁ" ያሉት ሰዎች ሲያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ዝግታ ደግሞ የታናሿ ልጅ እጮኛ ነው። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አንዲት ብሎን ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ አንድ ቃል ለመመለስም ከዚያ ብዙ አያንስበትም።

ሁለቱ የቆሙት ከአማትየዋ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱ መስታወት በሆነ የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን አጠገብ ነው። ውስጡ አምፖል አለ፣ የውኃ ሳህን አለ፣ በቀኝ ሠላሳ በግራ ሠላሳ እንቁላል ተደርድሯል። መሐል ላይ የተንጠለጠለው ቴርሞሜትር በቀኝ ጎኑ በፋራናይት፣ በግራ ጎኑ በሴልሺየስ ተቆጥሮበታል። ሊቁ በመጀመሪያው ቀን የቀኙን ሠላሳ ለራሱ ያዘና የግራውን ሠላሳ "ነፍሳቸውን ይማር" ብሎ ለዝግታ ለቀቀለት። ለማስታወሻ እንዲሆንም "የሊቁ" እና "የዝግታ" የሚሉ ሁለት ወረቀቶችን በፕላስተር መስታወቱ ላይ ለጠፈ።)

ዝግታ፦ ዛሬ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው። እማማ ከሄዱበት በአስር ሰዓት ይደውላሉ።

ሊቁ፦ ምን ነበር ያሉህ? እስቲ ድገምልኝ።

ዝግታ፦ "ይህን ሃያ አንድ ቀን በደህና ከተወጣኸው ልጄን መርቄ እሰጥሃለሁ። ካልተወጣኸው ግን ሄደህ ሰዓትህን ጠግን" ነው ያሉኝ።

ሊቁ፦ አየህ፣ እኔ ላንተ ነው የምጨነቀው። በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ሚስት አይገኝም።

ዝግታ፦ የእርስዎ ሠላሳ ከተፈለፈለ ለእኔ ይቆጠርልኛል?

ሊቁ፦ እናያለን። ምን አልክ?

ዝግታ፦ እኔ ምንም አላልኩም። ሬዲዮው ነው።

(ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ይጮሃል። የድምፅ ማዞሪያው ከጠፋ ሰነባብቷል፤ መዝጊያውም ያው ማዞሪያው ነው። ገመዱን ነቅሎ እፎይ እንዳይባል ደግሞ ሊቁ ራሱ "ለጥንቃቄ" ብሎ ከሳጥኑ ገመድ ጋር ገምዶ በጥቁር ፕላስተር ጠፍሮታል፤ አንዱን የነቀለ ሁለቱንም ይነቅላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው፣ ወንዝ ማዶ ለማዶ እንዳለ ሰው እየተጯጯሁ ነው የሰነበቱት።)

ሊቁ፦ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ ትላለህ፣ አንዲት የሬዲዮ ማዞሪያ ፈልጎ ማግኘት አቃተህ።

ዝግታ፦ ያለችበት ትኖራለች፣ ጋሼ።

(ሬዲዮው የነገውን አየር ማንበብ ጀመረ። ሃያ አምስት ዲግሪ ይሆናል አለ።)

ሊቁ፦ ሃያ አምስት። የትኛው ሃያ አምስት? አይነግሩህም። ሆን ብለው ነው።

ዝግታ፦ ለምን ብለው?

ሊቁ፦ ሴልሺየስን ያመጡት ቆንቋኖች ናቸው። ቁጥር የሚቆጥቡ ሰዎች። ፋራናይት ግን ቸር ነው። አሁን አንተ ትኩሳት ይዞህ ሐኪም ቤት ብትሄድና "ሠላሳ ዘጠኝ ገብቷል" ቢሉህ ማን ያዝንልሃል? የጫማ ቁጥር ነው። "መቶ ሁለት" ቢሉህ ግን ዘመድ ይሰበሰባል።

ዝግታ፦ እሱስ እውነት ነው።

ሊቁ፦ እኔ ስታመም ሁልጊዜ በፋራናይት የምታመመው ለዚህ እኮ ነው።

ዝግታ፦ ሲሻልዎትስ?

ሊቁ፦ ሲሻለኝ በሴልሺየስ ነው። ቶሎ ይወርዳል።

ዝግታ፦ ይህን ሁሉ ከየት ነው ያገኙት?

ሊቁ፦ አስተውዬ ነው። ሰው አያስተውልም። ሻይ ወደ ቀኝ ሲያማስሉት እንደሚሞቅ፣ ወደ ግራ ሲያማስሉት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለህ?

ዝግታ፦ አላውቅም። ግራኝ የሆነ ሰውስ ምን ይሁን?

ሊቁ፦ ግራኝማ ዕድሜውን ሙሉ ቀዝቃዛ ሻይ ነው የሚጠጣው። አጎቴ ግራኝ ነበር። አንድ ቀን ምላሱ ሲቃጠል አላየሁም።

ዝግታ፦ ሻይ ይወዱ ነበር?

ሊቁ፦ ሻይ አይጠጣም ነበር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

(ሊቁ በሳጥኑ ፊት ላይ ያለችውን ጥቁር ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ አዞራት፤ ትንሽ አሰበና የግማሽ ፀጉር ያህል መለሳት። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሕይወቱ እንደዚህች ማዞሪያ የታዘዘለት ነገር የለም፤ ሚስቱም ልጆቹም ይህን ያህል ሰምተውት አያውቁም።)

ሊቁ፦ ተሰማህ?

ዝግታ፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ሙቀቱ ሲነሳ። ፊቴን ገረፍ አደረገኝ እኮ። ይህች ማዞሪያ የእኔን እጅ ለምዳለች።

ዝግታ፦ በቀን ስንት ጊዜ ያዞሯታል?

ሊቁ፦ ዘጠኝ ጊዜ። ነፋስ ካለ አሥራ አንድ።

ዝግታ፦ ባለፈው ዓመትስ?

ሊቁ፦ ባለፈው ዓመት አይነሳ።

ዝግታ፦ ስልሳውም ተቀቅሎ፣ ቤተሰቡ ሳምንቱን በሙሉ እንቁላል ሲበላ ሰነበተ ሲሉ ሰምቼ ነው።

ሊቁ፦ እኔ ምን አጠፋሁ? የሚስቴ ወንድም ነው ያጠፋው። "ማዞሪያውን አትንካ፣ አትንካ" እያለ ሐሳቤን በተነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት ያገዘኝ ጎረቤት ሁለት ቀን ነው የቆየው፤ አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። የዘመኑ ሰው ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ዝግታ፦ እኔ ግን አለሁ።

ሊቁ፦ አንተማ ስለማይገባህ ነው።

(ዝግታ ራሱን ነቀነቀ፤ አልከፋውም። ሊቁ ይህን ጠባዩን ይወድለታል። የሚሰማ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።)

ዝግታ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ሊቁ፦ ጠይቅ። አጠር አድርገው።

ዝግታ፦ ውኃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?

ሊቁ፦ ይሄንንማ አንደኛ ክፍል ያለ ሕፃን ይመልስልሃል። በመቶ።

ዝግታ፦ እህ።

ሊቁ፦ ምን "እህ"?

ዝግታ፦ አይ፣ ምንም። የእርስዎ ወገን ስንት ነው ያሉኝ?

ሊቁ፦ መቶ ነው አልኩህ እኮ። ስንቴ ልን...

(ሊቁ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ፣ አሁንም ጠጋ አለ፣ አፍንጫው እስኪጨፈለቅ።)

ሊቁ፦ ተቀቅለዋል።

ዝግታ፦ እነማን?

ሊቁ፦ ሠላሳዎቹ። የእኔዎቹ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሲንተከተኩ ነው የከረሙት። አንተ ሰው፣ ይህን እያወቅህ ዝም ትላለህ?

ዝግታ፦ እያሰብኩበት ነበር።

ሊቁ፦ ለሁለተኛ ጊዜ። እማማ ለሁለተኛ ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ላቀርብላቸው ነው። ቆይ፣ ቆይ። የሰው ገላ ስንት ነው? ሠላሳ ሰባት። ያንተ ወገን ደግሞ ሠላሳ ስምንት። ብብት ውስጥ እንደማለት ነው። ተደላድለው ነው የተኙት።

ዝግታ፦ እንግዲያው የግራው ደህና ነው?

ሊቁ፦ ደህና ብቻ። እኔም እኮ ስለ ሴልሺየስ ክፉ ተናግሬ አላውቅም። ለመሆኑ ወረቀቶቹን የለጠፍናቸው እንዴት ነበር?

ዝግታ፦ የእርስዎ በቀኝ፣ የእኔ በግራ።

ሊቁ፦ ከየት ሆኖ ሲታይ?

ዝግታ፦ ከፊት ሆኖ ሲታይ።

ሊቁ፦ እሱ ነው ስሕተቱ። ጫጩት የሚያየው ከውስጥ ሆኖ ነው። ከውስጥ ሆነህ ስታየው ቀኙ ግራ ነው፣ ግራው ቀኝ። ስለዚህ የግራው ከጥንትም የእኔ ነበር።

(ወረቀቶቹን ላጣቸውና አገለባብጦ ለጠፋቸው። ዝግታ ፕላስተሩን ያዘለት።)

ሊቁ፦ አይዞህ። ላንተም የተቀቀለውን እናካፍልሃለን።

ዝግታ፦ ጋሼ።

ሊቁ፦ አቤት።

ዝግታ፦ ያች በቀኝ ጥግ ያለችው ተንቀሳቀሰች።

ሊቁ፦ እየፈላች ነው።

ዝግታ፦ ቀዳዳ አወጣች።

ሊቁ፦ እንፋሎት መውጫ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

ዝግታ፦ በእንፋሎት መውጫው ምንቃር ወጣ።

(ሊቁ አየ። ምንቃር ነው። ከምንቃሩ ኋላ እርጥብ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላቱ ላይ ደግሞ እሱን ትክ ብላ የምታይ አንዲት ዓይን።)

ሊቁ፦ ወረቀቱን መልሰው።

ዝግታ፦ የእርስዎን ወደ ቀኝ?

ሊቁ፦ ወደነበረበት። መጀመሪያውንስ ማን አንሳው አለህ? ፋራናይት ይሞቃል ስልህ አልሰማ ብለህ።

ዝግታ፦ መለስኩት። ጋሼ፣ በግራም ሁለት ተሰነጠቁ።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ፕላስተሩን አትጫነው።

ዝግታ፦ በቀኝ ሦስት ሆኑ።

ሊቁ፦ ተጫነው።

ዝግታ፦ በግራ አምስት።

ሊቁ፦ አንሳው፣ አንሳው።

ዝግታ፦ በቀኝ ሰባት። አንዱ ወድቆ ተነሣ።

ሊቁ፦ ለጥፈው። ያ የወደቀው የማን ነው? አምጣ፣ እኔው ልለጥፈው። ፕላስተሩ የታል? አንተ ላይ ነው? እኔ ላይ ነው?

(እንዲህ ሲሉ ሁለቱም ወረቀቶች ማጣበቃቸው አለቀ። "የሊቁ" የሚለው መሬት ወርዶ ከሊቁ ጫማ ሥር ገባ፤ "የዝግታ" የሚለው ደግሞ የት እንደገባ ጠፋ። በዚህ መሐል ከቀኝም ከግራም እንቁላሉ እየተፈረከሰ፣ ግማሽ ቅርፊት እንደ ቆብ የደፋው ሁሉ ወዲያ ወዲህ እየተንገዳገደ፣ የቀኙ ወደ ግራ የግራው ወደ ቀኝ ሄዶ ተደባለቀ። ከዚያ ወዲያ የፋራናይት ጫጩት የትኛው እንደሆነ ሊቁም ሊለየው አልቻለም። ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው፤ ልቡ ወከክ አለ።)

ሊቁ፦ እሺ፣ ይሄ እንዴት ሆነ? ከመቶውም ከሠላሳ ስምንቱም እኩል?

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ብርጭቆው እኮ አንድ ነው። ውስጡ ያለው ቀይ መስመርም አንድ ነው። በግራና በቀኝ ቁጥር የጻፉበት ሁለት ሰዎች ናቸው እንጂ ሙቀቱ አንድ ነው።

ሊቁ፦ አንድ ሙቀት ሁለት ቁጥር? እንዴት ተደርጎ?

ዝግታ፦ እኔ እርስዎን "ጋሼ" እልዎታለሁ። እማማ "ያ ለፍላፊ" ይሉዎታል። ሰውየው ግን አንድ ነው።

ሊቁ፦ እማማ እንደዚያ ይሉኛል?

ዝግታ፦ ለምሳሌ ነው።

(ሊቁ ምሳሌውን አልወደደውም። ይሁን እንጂ ቶሎ ብሎ ሌላ መንገድ አገኘ፤ መንገድ አጥቶ አያውቅም።)

ሊቁ፦ ይሄ ንድፈ ሐሳብ ነው። እውነቱን ልንገርህ? ሁለቱን ወገን እኩል ያደረገው ቁጥሩ አይደለም። እጄ ነው። ወደ ቀኝ የፀጉር ያህል፣ ወደ ግራ የግማሽ ፀጉር ያህል። በቀን ዘጠኝ ጊዜ፣ ሃያ አንድ ቀን። ሚስት ያገኘኸው በዚህች ማዞሪያ ነው። ለእማማም እንዲሁ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ዝግታ፦ ይንገሯቸው፣ ጋሼ።

(ስልኩ ጠራ። ከአስር ሰዓት አንድ ደቂቃ እንኳ አላለፈም። ሊቁ ጉሮሮውን ጠርጎ አነሣው።)

ሊቁ፦ ሃሎ፣ እማማ። እንዴት ዋሉ? ምን አሉኝ? አልሰማዎትም። ሬዲዮው ነው። ሬዲዮው ነው እንጂ እኔ አልጮህኩብዎትም። ይቀነስ? እንዳይቀነስ እኮ ማዞሪያው...

(ዝግታ ያን የተለመደ እርምጃውን እየተራመደ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ጥቁሯን ማዞሪያ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረጋት። ነቀል ብላ መጣች።)

ሊቁ፦ አትንካት። ዝግታ፣ ይቀዘቅዛሉ። እየነገርኩህ ነው፣ ሁሉም ይቀዘቅዛሉ።

(ዝግታ ማዞሪያዋን ይዞ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ሬዲዮው ላይ ሰካት። ልክክ አለች። ወደ ግራ አዞራት። ሬዲዮው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ዝም አለ። ክፍሏ ጸጥ ስትል፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሃምሳ ሰባት ጫጩት ጩኸት ተሰማ። ሊቁ እስካሁን ሲያያቸው እንጂ ሲሰማቸው አልነበረም። ስልኩን እንደያዘ ቴርሞሜትሩን አየ። ቀዩ መስመር ካለበት ንቅንቅ አላለም።)

ሊቁ፦ የሬዲዮው ናት?

ዝግታ፦ የሬዲዮው ናት፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ የሳጥኑስ?

ዝግታ፦ የሳጥኑን ወደ ጀርባ አዛወርኩት። በካቻቢቴ ነው የሚዞረው። መጀመሪያ ቀን አስተካክዬ ከደንኩት። ከፊት በኩል በቀረው ቀዳዳ ላይ ትንሽ እንጨት ሸጉጬ ይህችን ሰካሁበት።

ሊቁ፦ እንጨት።

ዝግታ፦ ደህና እንጨት ነው። እንዳያደክምዎት በዘይት አለስልሼዋለሁ።

ሊቁ፦ እሺ፣ ሙቀቱ ሲነሳ ፊቴን ገረፍ የሚያደርገኝስ?

ዝግታ፦ እሱ የራስዎ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም?

ዝግታ፦ ቢያውቁማ የጀርባውን ያገኙት ነበር። ስለ ቀኝና ግራ ሲከራከሩ ግን ሳጥኑን አይከፍቱም። ጋሼ፣ እማማ ስልኩ ላይ ናቸው።

(ሊቁ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።)

ሊቁ፦ አዎ፣ እማማ። አሁን ይሰማል። አዎ፣ አብረን ነን። አይ፣ አልተጣላንም። እንዴት? አንድ ቀንም። አልተሰዳደብንም። እሱማ ምን አፍ አለው፣ "ጋሼ" እያለ ነው የሰነበተው። ሃያ አንዱንም ቀን፣ አዎ። እማማ፣ ስለ ጫጩቶቹ ግን አልጠየቁኝም። ምን? እንቁላልማ ሱቅም ሞልቷል? እሺ። እሺ፣ እነግረዋለሁ። ደህና ይዋሉ።

(ስልኩን ዘጋ። ከተቀመጠበት አልተነሣም። ዝግታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ።)

ዝግታ፦ ምን አሉ? ጋሼ፣ ምን አሉ?

ሊቁ፦ "ወንድ ልጄ ከዚህ ሰውዬ ጋር ሦስት ቀን አልቻለም፤ ጎረቤቴም ሁለት ቀን አልቻለም። እሱ ሃያ አንድ ቀን ሳይጣላ ከዋለ ልጄንም ችሎ ያኖራታል። ተመርቆለታል በለው" አሉ።

ዝግታ፦ ፈተናው እንቁላሉ አልነበረም?

ሊቁ፦ አልነበረም።

(ዝግታ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሊቁ ደግሞ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር ሲያሳክከው ዝቅ ብሎ አየ። የጠፋው ወረቀት ሸሚዙ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። "የዝግታ" ይላል። አነበበው። ሊያነሣው እጁን ሰደደና ተወው።)

ሊቁ፦ እንግዲያው ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የታቀፍከው እኔን ነዋ።

ዝግታ፦ እንደሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ በየትኛው ነው የታቀፍከኝ? በፋራናይት ነው በሴልሺየስ?

ዝግታ፦ እሱን እያሰብኩበት ነው።